ፀጉር ሠሪዋ እትዬ፣ የአለቃ እናት

ዘመድ ወዳጅ፣ ጎረቤትና ደንበኛ ሁሉ «እትዬ» ብሎ የሚጠራቸው እናታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ውለው ገብተው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ምጥ ስለያዛቸው፣ እትዬ «እኔ የተወለድኩት በትርፍ ሰዓት ሥራ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የሙያ ፍቅራቸው የጀመረው ገና በልጅነታቸው ነው። አንድ ቀን የአባታቸውን የጨርቅ መቀስ አንስተው፣ ፎቶግራፍ ሊነሱ የተዘጋጁትን የታላቅ እህታቸውን የግንባር ፀጉር «አስተካከሉት»። ፎቶግራፉ ዛሬም ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ታላቅ እህታቸው በፎቶው ላይ እስከ ቅንድባቸው የወረደ ባርኔጣ አድርገዋል። አባታቸው ግን በመቆጣት ፈንታ የተቆረጠውን ፀጉር ከመሬት አንስተው አገላብጠው አዩና «እጇ አይንቀጠቀጥም» አሉ ይባላል።

እትዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። በሒሳብ ደህና፣ በወሬ ግን ከክፍሉ አንደኛ እንደነበሩ አብረዋቸው የተማሩት ይመሰክራሉ። ከዚያም በገበያው መንገድ ላይ ባለ ፀጉር ቤት፣ ሰው ሁሉ «ኮሎኔሏ» በሚላቸው ብርቱ ሴት እጅ ሥር ሙያውን ተማሩ። ኮሎኔሏ መሬት ላይ አንዲት ዘለላ ፀጉር ካዩ ሰማይ ምድሩን የሚያገላብጡ ሴት ነበሩ፤ እትዬን ግን ወደዷቸው። «ፀጉር በእጅ ይሠራል፤ ደንበኛ ግን በጆሮ ይያዛል» ብለው ያስተማሯቸውን ነገር እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ሲደግሙት ኖረዋል። ኮሎኔሏ ጉልበታቸው ሲደክም ፀጉር ቤቱን ከነወንበሮቹ፣ ከነማድረቂያዎቹና ከነደንበኞቹ ለእትዬ አስረከቧቸው።

እትዬ ቤቱን ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ቀለም ቀቢ መጥራት ነበር። የመጡት ቀለም ቀቢ ዝምተኛ ጎልማሳ ነበሩ፤ በቀን የሚናገሩት ቃል ቢለቀም አንድ ብርጭቆ አይሞላም። በጥቂት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ እትዬ መቀሳቸውን አስቀምጠው ወደ መሰላሉ ቀረቡና «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ግድግዳ ስንቴ ነው የሚቀባው?» አሏቸው። ቀለም ቀቢውም ከመሰላሉ ላይ ሳይወርዱ «እሺ እስክትይኝ» ሲሉ መለሱ። ደንበኞቹ ፀጉራቸውን በቢጎዲን እንደጠቀለሉ ከወንበራቸው ተነስተው አጨበጨቡ። ሁለቱ በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ግድግዳውም በመጨረሻ ደረቀ።

በትዳራቸው መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወንድ ልጅ መጣ። ሐኪሙ ሕፃኑን መርምሮ ወላጆቹን አስቀመጠና፣ አእምሮው እንደ እኩዮቹ እንደማያድግ፣ መናገርም መራመድም እንደሚዘገይ ነገራቸው። «ብዙ አትጠብቁ» አላቸው። እትዬ ግን ሕፃኑን ተቀብለው «እኔ ብዙ አልጠበቅሁም። ልጅ ነበር የጠበቅሁት፤ ይኸው መጣ» አሉ። ቤት በገባ በሳምንቱም እንቅልፋቸውም ምግባቸውም በእሱ ትእዛዝ መሆኑን አይተው «አለቃ» ብለው ጠሩት። ያ ስም እስከ ዛሬ መጠሪያው ነው።

አንዳንድ ዘመድ «ልጁ ጓዳ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ሰው ምን ይላል» ብሎ መክሮ ነበር። እትዬ የሚመክራቸውን ሰው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ አልጋውን ወሰዱና ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት ለፊት አኖሩት። «ሰው ምን እንደሚል ከዚህ ሆኖ ይስማ» አሉ።

አለቃ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ግን ፈተናው ከበዳቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በትሕትና ተቀብለው «እመቤቴ፣ ልጅዎ ያምራል። ግን ለእሱ የሚሆን አስተማሪ የለንም» አሏቸው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት «ሌሎቹ ልጆች ይረበሻሉ» አላቸው። ሦስተኛው በሩ ላይ መለሳቸው። እትዬ ሰው ፊት አንገታቸውን የማይሰብሩ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ግን ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ተማሩ። የማያስቅ ቀልድ ሲነገር ሳቁ፤ ለማይገባው ሰው ጎንበስ አሉ።

አለቃም ፀጉር ቤት ዋለ። ሥራ ፈትቶ ግን አልዋለም፤ ፎጣ ማጠፍ ተማረ። ጫፍና ጫፉን ካላገናኘ አያጥፍም፤ ፎጣ መሬት ላይ የጣለ ደንበኛ ካየ «ኧረ!» ይላል፤ ደንበኛውም አንስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። ቢሆንም እትዬ በዚያ ዘመን ለማንም የማይናገሩት ጸሎት ነበራቸው፤ ለሴት ልጃቸው የነገሯት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ከእኔ በፊት ውሰደው። አንድ ቀን ብቻ አስቀድመው» እያሉ ይጸልዩ ነበር። ልጃቸውን ጠልተው አልነበረም። እሳቸው ካለፉ በኋላ ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ማን ቀና ብሎ እንደሚያየው ስላላወቁ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት የጸለየ ወላጅ ዛሬ ከመካከላችን ካለ፣ እትዬ ሕመሙን ያውቁለት ነበር።

አለቃ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት ባለቤት ፀጉር ቀለም ቀብተው ሰዓቱን እየጠበቁ ሳለ ሬዲዮው ዜና ጀመረ። ማንኛውም ትምህርት ቤት አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ብሎ ልጅን መመለስ እንደማይችል፣ ለሚያስፈልገውም ልጅ ረዳት መምህር እንዲመደብለት የሚያዝ ሕግ ጸደቀ ተባለ። እትዬ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ደርቀው ቀሩ። «እትዬ፣ ራሴን አቃጠለኝ!» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቷ። «ይቃጠል! ቆይ ልስማ!» አሉ እትዬ። ዜናው አልቆ ወደ ደንበኛቸው ሲመለሱ፣ ቡናማ ሊሆን የነበረው ፀጉር ካሮት መስሎ ነበር። ባለ መድኃኒት ቤቷ መስታወቱን አዩ፤ እንባቸው በሁለት ጉንጫቸው የሚወርደውን እትዬንም አዩ። «ተይው፣ ይህ የሕጉ ቀለም ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀለም ተቀብተው አያውቁም። ዛሬም እዚሁ ከመካከላችን ናቸው፤ ማን እንደሆኑ መጠየቅ አያስፈልግም።

በማግስቱ እትዬ ልጃቸውን ይዘው ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤት ሄዱ። ለክርክር ተዘጋጅተው፣ ቃላቸውን ሲያጠኑ አድረው ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉላቸው። «እትዬ፣ ያን ጊዜ የመለስኩዎት ክፋት ይዞኝ አይደለም። ረዳት መምህር ስጡኝ ብል የሚሰማኝ አልነበረም። አሁን እኔም የምጮህበት አገኘሁ» አሏቸው። እትዬ ያጠኑት ሁሉ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውና ርእሰ መምህሩ ወዳጆች ሆኑ፤ ርእሰ መምህሩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም የባለቤታቸውን ፀጉር የሠሩት እትዬ ናቸው።

እትዬ ስለዚያ ሕግ ሲናገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ትናንት ልጄን የሚቀበለኝ ሰው ውለታ ይውልልኝ ነበር፤ ውለታ ደግሞ ያጎብጣል። ዛሬ ልጄ የሚገባው በራሱ መብት ነው፤ እኔም ወገቤ ቀና አለ።» አንዲት የሕግ ሰው የሆነች ወጣት ደንበኛቸው ታዲያ «እትዬ፣ መብትዎ ከሆነ ለምን ሰው ባገኙ ቁጥር ያመሰግናሉ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ፀሐይስ ለሁሉም የተሰጠች አይደለችም? ከክረምት በኋላ ስትወጣ ግን ደስ አይልሽም?» ብለው መለሱላት።

የተመደበችው ረዳት መምህርት ሳቋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ወጣት ነበረች። አለቃን ፊደል ያስተማረችው በመንገድ ላይ ማስታወቂያዎችና በአውቶቡስ ቁጥሮች ነው። አንድ የንግግር ሕክምና ባለሙያም በየሳምንቱ እየመጣ የተያዘ አንደበቱን ቀስ በቀስ አላቀቀለት። አንድ ቀን አለቃ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመና አባቱ በእጃቸው የጻፉትን ማስታወቂያ «ፀ… ጉር… ቤት» ብሎ አነበበ። አባቱ «አነበበ» አሉ። መሰላላቸውን ተሸክመው ወጡና የሚቀባ ግድግዳ በሌለበት ቦታ አቁመው፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ።

ቆይቶ ሌላ እርዳታ ተጨመረ፤ ከሰዓት በኋላ ከአለቃ ጋር የሚውል ደጋፊ ሠራተኛ በመንግሥት ተመደበለት። እትዬ ልጅ ከወለዱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋታ አገኙ። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ ቆዩና፣ በሌላ ሰፈር ያለ ፀጉር ቤት ገብተው ተቀመጡ። «ምን ልሥራልዎ?» ብትላቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ «እኔ እንጃ፣ የፈለግሽውን» አሉ። ሌላ ሰው ራሳቸውን ሲያጥባቸው እንቅልፍ ጣላቸው። ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው የቀሰቀሷቸው። ሲመለሱ ባለቤታቸው «አምሮብሻል» አሏቸው፤ ይህም በእሳቸው ሚዛን ረጅም ንግግር ነበር።

አለቃ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ባለቤታቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። ኀዘኑ ሳይበርድ በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት ለደጋፊ ሠራተኞች የተመደበውን ሰዓት በግማሽ ሊቀንስ አሰበ። እትዬ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ተነሱ። እንደሳቸው ያሉ እናቶችን አንድ በአንድ ጠሩና፣ ስብሰባው በሚደረግበት ቀን ጠዋት ሁሉንም ፀጉር ቤታቸው ሰብስበው ፀጉራቸውን ሠሩላቸው። አንዷ እናት «እትዬ፣ ወደ ሰርግ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብትል፣ «ለልመና የመጣን እንዳይመስላቸው ነው» አሏት።

ምክር ቤቱ አዳራሽ ሲገቡ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እትዬ የመናገር ተራ ሲደርሳቸው እንዲህ አሉ፦ «እኛ ምሕረት ልንጠይቅ አልመጣንም፤ ምሕረት የሚጠይቅ ያጠፋ ነው። ሕጉን ያወጣችሁልን እናንተ ናችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። እንዲያውም አመስግኛችሁ አላውቅምና እግዜር ይስጥልኝ ልላችሁ ነው የመጣሁት። ልጄ ያነባል፤ ብቻውን አውቶቡስ ይሳፈራል። ሴት ልጄ ትምህርቷን ሳታቋርጥ ተማረች። እኔም ሥራዬን ሳልዘጋ፣ የማንንም እጅ ሳላይ ኖርኩ። ታዲያ ያመሰገንኳችሁን ነገር መልሳችሁ ትወስዱብኛላችሁ?» ብለው ተቀመጡ። ሰዓት የመቀነሱ ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ወደቀ፤ ሰዓቱ ባለበት ጸና። ሲወጡ አንድ የምክር ቤት አባል እትዬን ደረጃው ላይ ተከትለው ደረሱባቸውና፣ የፀጉር ቤቱ አድራሻ የት እንደሆነ በባለቤታቸው ስም ጠየቁ።

አለቃ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ አካል ጉዳተኞችን ሥራ በሚያስቀጥረው አገልግሎት በኩል በከተማው መዋኛ በፎጣ ክፍል ተቀጠረ። አሠልጣኝ ለተወሰኑ ወራት አብሮት ቆየ፤ በኋላ ግን ሥራውን ለአዲሶቹ የሚያሳየው አለቃ ሆነ። ዛሬ በዚያ መዋኛ እርጥብ ፎጣ ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው የለም፤ የከተማው ከንቲባም አንድ ጊዜ ሞክረው ከበር ተመልሰዋል።

እትዬ ከሕጉ ጋር የተጣሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አለቃ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ከእለታት አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ «እህቴ ቤት አላት። እኔስ?» አለ። እትዬ «ይህ ቤት የማን ነው?» ቢሉት «ያንቺ» አላቸው። ጉዳዩን የያዘችው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ መጥታ፣ አለቃ አዋቂ ሰው ስለሆነ የት እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ደጋፊ ሠራተኛም በቤቱ እንደሚመደብለት ስታስረዳ፣ እትዬ ብድግ ብለው «ይህን ሕግ ደግሞ ማነው ያወጣው?» ብለው ተቆጡ። ባለሙያዋ ፈገግ ብላ «ያው የሚያመሰግኑት ነው» አለቻቸው። እትዬ ለሦስት ቀን ኩርፊያ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ቀን መጋረጃ ሊገዙለት ወጡ።

አለቃ ከሥራው ሁለት ፌርማታ በሚርቅ ሕንፃ፣ ፀሐይ በሚገባበት አንድ መኝታ ቤት ባለው ቤት ገባ። እትዬ ሊጠይቁት ሄደው በሩን ገፋ አድርገው ሊገቡ ሲሉ «እናቴ፣ ይንኳኳል» አላቸው። ተመልሰው ወጡና አንኳኩ። ይህን ታሪክ ፀጉር ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ለማያውቁትም ጭምር፣ እየሳቁ ሲያወሩት ዓመት አለፈ። ያን የድሮ ጸሎታቸውንም መጸለይ ያቆሙት በዚያ ሰሞን ነው። «አሁንማ ከእኔ በኋላ ረጅም ዕድሜ ይኑር፤ የቤት እቃውን ገና አላሟላም» አሉ።

ሴት ልጃቸው መሬት ቀያሽ ናት። ሩቅ ከተማ ጥሩ ሥራ ስታገኝ ወንድሟን ትታ ለመሄድ ብታመነታ፣ እትዬ አስቀምጠው «አንቺ እህቱ ሁኚ እንጂ እናቱ አትሁኚ። እናት አለችው፤ እኔ ባልኖርም ደጋፊ አለው፣ ሥራ አለው፣ ጎረቤት አለው። እህት ግን ካንቺ ሌላ የለውም» አሏት። እሷም ሄደች፤ ወንድሟም በየበዓሉ በአውሮፕላን እየሄደ ይጠይቃታል። መስኮት ዳር ካልሆነ አይቀመጥም።

እትዬ ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ታመው ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ሐኪሞቹ መዳን እንደማይችሉ ሲነግሯቸው ዘመድ ሁሉ «ለአለቃ አይነገረው» አለ። እትዬ ግን «ሥራ ካለው፣ ቤት ካለው ሰው ይህ ይደበቃል?» ብለው ራሳቸው አስጠርተው ነገሩት።

«አለቃ፣ በጣም ታምሜያለሁ። ልሞት ነው» አሉት።

«መቼ?» አላቸው።

«አላውቅም።»

አለቃ ጥቂት አሰበና «ቅዳሜ አይሁን። ቅዳሜ ሥራ ይበዛል» አለ።

እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እሺ አለቃ፣ እሞክራለሁ» አሉት። ከዚያ አለቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጃቸውን ያዘና «እኔ እፈራለሁ» አለ። «እኔም ትንሽ እፈራለሁ። ብቻህን ግን አትፈራም» አሉት። ያን ቀን ምሳቸውን አብረው በሉ።

እትዬ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በቤታቸው፣ ሁለቱም ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ አረፉ። አለቃ እናቱን ስሞ ተነሳና ስልኩን አወጣ። ማንም ሳያዘውና ሳይረዳው ለሥራ ኃላፊው ደወለ። «ዛሬ አልመጣም። እናቴ ሞታለች። ፎጣዎቹን ለዛሬ ሌላ ሰው ይጠፍልኝ» አለ።

በዚህ አጋጣሚ ሕጉን ያረቀቁትን፣ ያስፈጸሙትን፣ ረዳት መምህርቷን፣ የንግግር ባለሙያውን፣ ደጋፊ ሠራተኞቹን፣ አለቃ እስኪቀመጥ ሳይነዱ የሚጠብቁትን የአውቶቡስ ሾፌሮች ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። እትዬ በሕይወት ቢኖሩ በየስማችሁ ይጠሯችሁ ነበር፤ የብዙዎቻችሁን ፀጉርም ያስተካክሉ ነበር።

እትዬ ታላቅ እህታቸውን፣ መሬት ቀያሽ ሴት ልጃቸውን፣ በከተማው መዋኛ የፎጣ ክፍል ኃላፊ የሆነውን ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ቁጥር ስፍር የሌላቸው ደንበኞችን ትተው አልፈዋል።

ቸሩ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን፤ የተከሉትን ሳያዩ ላለፉት፣ አይተው ለተደሰቱትም እንደ እሳቸው ላሉ ወላጆች ሁሉ ዋጋቸውን ይክፈል። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ከቀብሩ ሥነ ሥርዓት በኋላ ለቀስተኞች የሚስተናገዱት፣ እሱ ራሱ በጠየቀው መሠረት፣ በአለቃ ቤት ነው።